ቅርጫ፦ ሥጋው በዕጣ፣ ዋጋው በምን?

ሕፃን ሳለሁ በፋሲካ ማለዳ ትልቅ ሥልጣን ነበረኝ። በሰፈራችን በሬው ታርዶ፣ ሥጋው በለምለም ቅጠል ላይ በየመደቡ ከተቀመጠ በኋላ፣ ከአባቶች አንዱ ባርኔጣውን ያወልቅና ለአባላቱ ያዞራል። አንዱ ቁልፉን፣ አንዱ አዝራሩን፣ ሌላው የክብሪት እንጨቱን፣ ሌላው ከመሬት ያነሳውን ጠጠር ይጨምርበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ከአጥሩ ወዲያ እንድቆም ይደረጋል። ከዚያ እጠራና ባርኔጣው ይሰጠኛል፤ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ነገር እየጣልሁ አልፋለሁ። ቁልፉ የማን፣ ጠጠሩ የማን እንደ ሆነ አላውቅም። ስለማላውቅም ነበር የተመረጥሁት። ከጣልሁ በኋላ «ያኛው ይሻለኝ ነበር» የሚል ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሰማው አልነበረም።

ዛሬ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ። በሰፈራችን ቅርጫም ከዕጣ ጣይነት ወደ ሒሳብ ያዥነት ከተዛወርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ለሰሚው ሥልጣኔ ያደገ ይመስለዋል። ለእኔ ግን የቀነሰ ነው። ዕጣ ጣይ ማንንም አያስቀርም፤ ሒሳብ ያዥ ግን ስም ይሰርዛል።

በ2016 ዓ.ም. ለፋሲካ የተስማማንበት በሬ ዋጋው 90 ሺህ ብር ነበር። አባላቱ 12 ስለ ነበርን ለእያንዳንዳችን 7,500 ብር ደረሰን። መዝገቤን ይዤ ቤት ለቤት ስዞር፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በጡረታ አበል ብቻ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው፣ በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እንደ ወትሮው «ግባ፣ ቡና አለ» አላሉኝም።

«ልጄ፣ የዘንድሮውን የእኔን ሰርዘው። ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እማማ ስለ ሐኪም ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። «እግዜር ይማርዎ» ብዬ ስማቸውን ሰረዝሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁ፤ 90 ሺህ ለ11። የቀረነው እያንዳንዳችን 682 ብር ያህል እንጨምራለን ማለት ነው። በማግስቱ ይህን ስናገር ያቅማማ አንድም ሰው አልነበረም። እርግጥ ነው፣ መደቡም በዚያው ልክ ከፍ ብሏል። ሆኖም እማማ ሲቀሩ ያን ያህል ለመጨመር አቅም የነበረን ሰዎች፣ እማማ እንዳይቀሩ ምን እናድርግ ብለን አልተጠያየቅንም። በዚያ ፋሲካ ሻኛው ለእኔ ደረሰኝ። ስለ ቅርጫ ታሪክ ማሰብ የጀመርሁት ያን ሻኛ ከቆረጥሁበት ገበታ ላይ ነው።

*

ከቃሉ ልጀምር። ቅርጫ «ቀረጠ» ከሚለው ግስ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ከትልቁ ነገር ላይ ቆርጦ ማካፈልን ያመለክታል። ከዚሁ ቤት «ቀረጥ» የሚለው የመንግሥት ገቢ ስምም ወጥቷል። ቀረጥ ከእኛ ተቆርጦ የሚወሰደው ነው፤ ቅርጫ ለእኛ ተቆርጦ የሚሰጠን። ሁለቱ ቃላት በአንድ ማዕድ ትይዩ የተቀመጡ ወንድማማቾች ይመስሉኛል።

አማርኛ ይህን የመሰለ ሌላም ጥንድ አለው። «ግብር» ማለት ገባሩ ለባላባቱና ለንጉሡ የሚከፍለው ነው፤ «ግብር» ማለት ደግሞ ንጉሡ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላው ነው። ገባሩ ከእህሉ፣ ከማሩ፣ ከከብቱ ይገብራል፤ ንጉሡም ያንኑ ጠጅና ጥሬ ሥጋ አድርጎ ግብር ያበላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባው ግቢ በተሠራው ታላቅ አዳራሽ በአንድ የግብር ቀን ሺሆች ይበሉ ነበር። ታዲያ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይበላም። መኳንንቱ አስቀድመው፣ ወታደሩ በተራው፣ ነዳያን በመጨረሻ። ከበሬውም ብልት የትኛው ለየትኛው ማዕረግ እንደሚገባ የታወቀ ሥርዓት ነበረው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የቀድሞውን ግቢ ደንብና ሥርዓት በስፋት ያቆዩልን በመሆኑ፣ ማዕድ በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ እንጂ የሆድ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ እንረዳለን። በዚያ አዳራሽ ሰው የሚበላው ሥጋ ማዕረጉን ይናገርበት ነበር።

ቅርጫ የዚህ ተቃራኒ ነው። በግብር ሥጋው እንደ ማዕረግ ይከፈላል፤ በቅርጫ ማዕረግ ከአጥር ውጭ ይቀራል። የቅርጫ ብልት አውጪ ሻኛውን ለአንድ ሰው፣ ሽንጡን ለሌላው አይሰጥም። ሻኛውን በአባላቱ ቁጥር ይከፍለዋል፤ ሽንጡንም፣ ዳቢቱንም፣ ታላቁንም፣ ጎድኑንም፣ ጉበቱንም፣ ጨጓራውንም እንዲሁ። 12 ሰው ከሆነ ከእያንዳንዱ ብልት 12 ቁራጭ ይወጣል፤ ቅልጥሙ እንኳ በዐይን እየተመዘነ ይደለደላል። ሥራው ከጎሕ ጀምሮ ረፋድ ድረስ የሚወስደው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም የሰው ዐይን ያዳላል ተብሎ ስለሚፈራ፣ የመጨረሻው ፍርድ ለዕጣ ይተዋል። እኔ ያየሁት ሻኛ «ደረሰኝ» የምለውም ከሌሎቹ የተሻለው ቁራጭ በዕጣ ስለ ወጣልኝ ነው።

አያቶቻችን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አደረጉ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን አንድ በሬ ለአንድ ቤት ይበዛል፤ ቋንጣ ተሰቅሎም አያልቅም። ሌላው ምክንያት ጾም ነው። ለ55 ቀን ከሥጋ የተለየ አገር በአንድ ሌሊት ይፈታል፤ በዚያች ሌሊት ሁሉም ሥጋ ይፈልጋል፤ በዚያች ሳምንት የበሬ ዋጋ የሚሰቀለውም ለዚሁ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉም የጠለቀ ይመስለኛል። በሬ አስቀድሞ አራሽ ነው፤ ሥጋ የሚሆነው በመጨረሻ ነው። በሬ ማረድ የእርሻ መሣሪያን መብላት ስለ ሆነ ለአንድ ጎጆ የሚከብድ ውሳኔ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሰው «ክፉ ቀን» የሚባለውን ዘመን ያስታውሳል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ከከብቱ ከመቶ ዘጠና ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረሻው ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨምረውበት በየመንገዱ ሰው ረገፈ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው የሚነገረው ከዚሁ ዘመን ነው። በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ ትዝታ ያደገ ሕዝብ በሬ ሲያርድ ለብቻው ለመብላት ቢያፍር አይደንቀኝም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ከሎሚ ይልቅ በበሬ ላይ ይበልጥ ይሠራል።

*

እንግዲህ ቅርጫ የሥጋውን ፍትሕ ፈጽሞታል ማለት ይቻላል። የዋጋውን ፍትሕ ግን በአንድ ቃል አልፎታል፤ «እኩል»። መደቡ እኩል፣ ዋጋውም እኩል። ሁሉም ገበሬ፣ ሁሉም ጥማድ በሬ ባለው መንደር ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በአንድ አጥር ግቢ ነጋዴና ጡረተኛ፣ ሾፌርና ዘበኛ ተጎራብተው በሚኖሩበት ከተማ ግን እኩል ዋጋ እኩል ሸክም አይደለም። 7,500 ብር ለአንዱ የሁለት ቀን ገቢው ነው፤ ለሌላው ሁለት ወር የሚኖርበት።

አባቶቻችን ይህን አላዩም ማለቴ አይደለም። አይተዋል፤ መድኃኒትም ፈልገውለታል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን በዝምታ ነበር የሚሰጡት። አንዱ መድኃኒት ጊዜ ነው። በጉራጌ አገር ለመስቀሉ በሬ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ የሚጠራቀምበት ልማድ አለ፤ ድኻው በአንድ ቀን የማይችለውን በ12 ወር ይችለዋል። ሁለተኛው መድኃኒት ግማሽ መደብ ነው፤ ሁለት ቤት ተጣምሮ አንድ ዕጣ ይጥላል። ሦስተኛው ዱቤ ነው። ሙስሊም ወገኖቻችንም በዐረፋ ለኡድሒያ አንድን ከብት እስከ 7 ሰው እንዲጋራው የሚፈቅድ ሕግ አላቸው፤ ከሥጋውም ለድኻ ማካፈል የሥርዓቱ አካል ነው።

አራተኛው መድኃኒት ቆዳው ነበር። በልጅነቴ በሰፈራችን ቆዳውን ነጋዴ በራፍ ድረስ መጥቶ ይገዛው ነበር። የሚገኘው ብር መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ሒሳብ ያዡ ያውቀዋል፤ ዋጋው የጎደለበት ሰው ካለ በዚያ ይሞላለታል። ማን እንደ ጎደለበት ከሒሳብ ያዡ በቀር የሚያውቅ የለም። ሥራውን ስረከብ የቀድሞው ሒሳብ ያዥ በጆሮዬ የነገረኝ አንድ ምስጢር ይህ ነበር፤ «የቆዳውን ብር አትጻፈው» አለኝ። ዳሩ ግን በቅርብ ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ ወደቀ። በበዓል ማግስት ቆዳ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሽታው ያማርራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ ከቆዳው ጋር የድኻው የዝምታ ድጎማም አብሮ ተጥሏል። በሬው ሲወደድ ቆዳው ረከሰ። እማማም ሐኪም ከለከለኝ ለማለት የተገደዱት ምናልባት በእነዚህ ሁለት ዋጋዎች መካከል ተይዘው ይሆናል።

*

በዚህ ሐሳብ ሳለሁ ከባሕር ማዶ ያለ አንድ የቆየ ወዳጄ ስለ ቅርጫቸው አጫወተኝ። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ለገናና ለፋሲካ ከከተማ ወጥተው ከገበሬ በሬ ይገዛሉ፤ ተቃርጠውም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ወዳጄ ግን አንድ ነገር ጨመረልኝ። በሬ ከሚሸጡላቸው ገበሬዎች አንዳንዶቹ ለራሳቸው አገር ሰዎች የሥጋ ማኅበር አላቸው። አባሉ ለወቅቱ አስቀድሞ ይከፍላል፤ በየወሩም የበሬ፣ የአሳማ፣ የዶሮ ሥጋ ድርሻውን ይረከባል። ድርሻው ለሁሉም አንድ ነው፤ ዋጋው ግን እንደ ገቢ ይለያያል። ብዙ ጊዜ ሦስት ዋጋ ይጻፋል፤ ከወጪው ዝቅ ያለ፣ ከወጪው ጋር የሚስተካከል፣ ከወጪው ከፍ ያለ። የላይኛው የታችኛውን ይሞላል። አብዛኞቹም የደሞዝ ማስረጃ አይጠይቁም፤ ሰውየው ራሱን መዝኖ ይመርጣል።

ይህን ስሰማ ታሪኩን ማጥናት ያዝሁ። ሥሩ ከአንድ አገር ብቻ አልበቀለም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴሩዎ ኢቺራኩ መሪነት የተቋቋመው የኦርጋኒክ እርሻ ማኅበር «ተይኬይ» የተባለውን፣ ሸማቹና ገበሬው ያለ ነጋዴ የሚተሳሰሩበትን ዘዴ አስፋፋ። በስዊዘርላንድ ጀኔቭ እ.ኤ.አ. በ1978 ተመሳሳይ ማኅበር ተመሠረተ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለት እርሻዎች በአንድ ወቅት ጀመሩ፤ አንደኛው በማሳቹሴትስ የሮቢን ቫን ኤን ኢንዲያን ላይን እርሻ፣ ሁለተኛው በኒው ሃምፕሺር የቴምፕል-ዊልተን የማኅበረሰብ እርሻ ነው።

ልቤን የሳበው ሁለተኛው ነው። መሥራቾቹ ከጀርመን የመጣው ትራውገር ግሮ፣ አንቶኒ ግራም እና ሊንከን ጋይገር ነበሩ። ላም ያልባሉ፣ አትክልት ያለማሉ። በየዓመቱ አባላቱን ይሰበስቡና የእርሻውን የዓመት ወጪ በግልጽ ያቀርባሉ፤ መኖው ይህን ያህል፣ ዘሩ ይህን ያህል፣ የገበሬዎቹ ኑሮ ይህን ያህል። ከዚያ «ለእያንዳንዳችሁ ይህን ያህል ይደርሳል» አይሉም። እያንዳንዱ ቤት የሚችለውን ቃል ይገባል። ድምሩ ወጪውን ከሞላ ስብሰባው ያበቃል፤ ካልሞላ ዙሩ ይደገማል፤ የቻለ ይጨምራል። ምርቱን ሲወስዱ ደግሞ ማን ስንት ከፈለ አይባልም፤ የሚወሰደው እንደ ቤተሰቡ ፍላጎት ነው።

እንደ ባንክ ሠራተኛ ሳየው የዚህ አሠራር ጥበብ ይገባኛል። ገበሬው የዓመቱን ወጪ አስቀድሞ ስለሚያገኝ ለመኖና ለዘር አይበደርም፤ ዝናብ ቢቀር ወይም ላም ብትሞት ጉዳቱ ለብቻው አይሆንም። እንደ ቅርጫ ሰው ሳየው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። በግብር ሥጋው ይበላለጣል፤ የሚከፍለውም ገባሩ ብቻ ነው። በቅርጫ ሥጋው እኩል ነው፤ ዋጋውም እኩል ነው። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ግን ማዕዱ ማንንም አያበላልጥም፤ የሚበላለጠው ትከሻው ነው። ቅርጫ ወንድሙን ቀረጥን ወደ ማዕዱ ጠራው ማለት ነው።

*

ለ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ስንሰበሰብ በሬው 132 ሺህ ብር ሆኖ ነበር፤ በእኩል ቢከፈል ለ12 ሰው 11 ሺህ ይደርሳል። እማማ አልመጡም። እኔ ተነሥቼ የባሕር ማዶውን ታሪክ አወራሁና ሦስት ዋጋ እንድናወጣ ሐሳብ አቀረብሁ።

መጀመሪያ የተናገረው ባለ ሱቁ ነው። «አንተ ባንክ ነህ ወይስ ገቢዎች?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ ነገሩ ገባኝ። ከተሰበሰቡት መካከል የአንዳንዶቹን የሒሳብ ቁጥርና የሒሳብ መጠን በሥራዬ አውቀዋለሁ። እኔ «ከፍተኛ ገቢ» ስል ማንን እንዳሰብሁ ሁሉም የየራሱን ስም ሰምቷል። በልጅነቴ ስለማላውቅ የታመንሁ ሰው፣ አሁን ስለማውቅ ተጠረጠርሁ።

ቀጥለው ባሻ ተናገሩ። ባሻ ከጥንት አባሎቻችን አንዱ ናቸው፤ የቅርጫውን ደንብ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«ልጄ፣ ሐሳብህ መልካም ነው» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዋጋው እኩል ስለ ሆነ አይደለም ወይ መደቤን ተሸክሜ ማንንም ሳላመሰግን ቤቴ የምገባው? ነገ እኔ አምስት ሺህ፣ እርሱ አሥራ አምስት ሺህ ከፈልን በል። በበራፉ ሳልፍ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ። እርሱ ምንም አይለኝም፤ እኔ ግን ዝቅ አደርጋለሁ። ያ ሥጋ ቅርጫ ነው ወይስ ምጽዋት?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁን ድረስም ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ አለኝ ብዬ አላስብም። ቅርጫ ለዘመናት የቆየው ሰውን ከምስጋና ዕዳ ነፃ ስላወጣው ነው። በግብር አዳራሽ የበላ ሰው አበላዬ ለሚለው ጌታ ይዘምታል፤ በቅርጫ የበላ ሰው ግን ለማንም አይዘምትም። ያ የእኩልነት ኩራት ለእማማም የሚገባቸው ነበር፤ ደግሞም ከማዕዱ ያስቀራቸው ያው ኩራት ነው።

ረጅም ዝምታ ሆነ። ዝምታውን የሰበሩት ራሳቸው ባሻ ናቸው። «ዕጣውን የሚጥለው ሕፃን ለምን ተመረጠ? ስለማያውቅ ነው» አሉ። «ዋጋውንም እንዲሁ ማንም ሳያውቅ ብናደርገውስ?»

በዚህ ተስማማን። 12 አንድ ዓይነት ፖስታ ገዛሁ፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ታደለ፤ የእማማም በልጅ ተላከላቸው፤ ከውስጡም ዋጋውና የቀጠሮው ቀን ተጽፎበታል። ስም አይጻፍም። እያንዳንዱ የሚችለውን ጨምሮ አሽጎ በሣጥን ውስጥ ይጥላል። እኔ በሁሉም ፊት ድምሩን ብቻ እናገራለሁ።

የቀጠሮው ቀን ሣጥኑ ተከፈተ። 12 ፖስታ ነበረ። ድምሩ 121,500 ብር ሆነ፤ 10,500 ጎደለ። ይህን ስናገር በሰዎቹ ፊት ላይ ያየሁትን በባንክ መስኮት በኩል አይቼው አላውቅም። ማንም ማንን አላየም። ሁሉም ወደ ራሱ ውስጥ ገብቶ ቆጠረ። ባሻ «እንደገና ይዙር» አሉ። ሁለተኛው ዙር 12,800 አመጣ። ወጪው ሞልቶ 2,300 ብር ተረፈ፤ እርሱም ለአራጁ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ። ገንዘብ መቁጠር ሙያዬ ነው፤ እጄ ሳልፈልግ ያነባል። ከፖስታዎቹ አንዱ ያረጁ የ10 እና የ50 ብር ኖቶች ይዟል፤ በጥቁር ክር ታስረዋል፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ሌላው አዳዲስ ባለ 200 ብር ኖቶች፣ ከባንክ እንደ ወጡ፣ ከእኩል ድርሻው ብዙ ከፍ ያለ። የማን እንደ ሆኑ የገመትሁ ይመስለኛል። ለማንም አልተናገርሁም፤ አልናገርምም። ሒሳብ ያዥ ስሆን የተረከብሁት ምስጢር ከቆዳው ወደ ፖስታው ተዛውሯል።

በፋሲካ ማለዳ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሣህናቸውን ይዘው መጡ። ስለ ሐኪሙ የጠየቃቸው ሰው የለም። አንድ ትንሽ ልጅ ከአጥሩ ወዲያ ተጠራ፤ ባርኔጣው ተሰጠው። የእማማ ዕጣ የነጠላቸው ጥለት ክር ነበረ። ልጁ እየዞረ ጣለ። እማማ መደባቸውን አንሥተው በባለ ሱቁ ፊት አለፉ። አንገታቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ ባለ ሱቁም አልጠበቀም።

ይህ ዘዴ ይዘልቃል ወይ ብትሉኝ አላውቅም። በ12 ቤት የሆነው በ30 ቤት ላይሆን ይችላል። ሰው የማያውቀውን ሰው ጉድለት ለመሙላት ልቡ እንዲህ አይቸኩልም። ባሻ የጠየቁትም ጥያቄ ፖስታው ውስጥ ታሽጎ ተቀመጠ እንጂ አልተመለሰም። ቢሆንም የቅርጫን ታሪክ ሳስብ፣ አባቶቻችን የሥጋውን እኩልነት በአንድ ቀን እንዳላገኙት ይሰማኛል። አንድ ሰው አንድ ማለዳ ላይ «ብልት አውጪው ያዳላል» ብሎ ሳይናገር አልቀረም፤ ሌላው «እንግዲያስ ሕፃን ይጠራ» ብሎ መለሰለት። እኛ ደግሞ የዋጋውን ነገር ገና መነጋገር መጀመራችን ነው።

መደቡን አስተካክሎ ቢላ አወቀበት፣
ዕጣውን ጥሎልን ሕፃን ፈረደበት፤
የቀረው ዋጋው ነው፣ ሰው የሚፈተንበት፣
ለማንም ሳይነገር ልብ የሚቆጥርበት።